ጎባጣ እንጨት

ቺሎኤ ደሴት ላይ ዝናብ አይጠየቅም፣
«መቼ ያባራል?» ሲል የሰማሁት የለም፤
ሌሊት አሥር ሰዓት፣ በጭጋግ ታፍነን፣
አውቶቡስ ይወስደናል እንደ ጥሬ ለቅሞን
ወደ ዓሣ ፋብሪካው።

ኤዱቪና ማንሲያ፣ ሃምሳ አንድ ዓመቷ፣
ከመስኮቱ ጥግ ነው የዘወትር ቤቷ፤
በእጅጌዋ ጠርጋ የመስታወት ላቡን
ስታይ ትሄዳለች መንገድ ዳር ዛፉን።
እኔ ከጎኗ ነኝ። እንቅልፌን አልጠገብሁም።
ምን እንደምታይ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ነጭ ቆብ፣ ነጭ ቦቲ፣ ነጭ ሽርጥ ለብሳ
ዕድሜዋን ቆጠረች በሳልሞን ሬሳ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ።

አባቷ፣ ዶን አብዶን፣ ጀልባ ሠሪ ነበር፤
ለወንዶች ልጆቹ መሮ ሲያስተምር
እሷ ሚስማር ይዛ ትቆም ነበር ከበር።
ወንዶቹ አደጉና ሄዱ ወደ ሰሜን፣
አንዱ መዳብ ቆፋሪ፣ አንዱ የካሚዮን
ሾፌር ሆኖ ቀረ።
መላጊያው ዛገ፤ ሽማግሌው ሞተ፤
የጀልባው ነገርም በዚያው ተከተተ፣
ብለን ነበር ሁላችን።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ፣ ያውም በነሐሴ፣
አንገቴን ደፍቼ ሳንጎላጅ ለራሴ፣
ነፋስ የጣለው ዛፍ ከመንገድ ተጋድሞ
ሦስት ሠራተኛ ሊከትፈው ቆሞ፣
«አቁም!» ብላ ጮኸች።
ሾፌሩ ኤሪቤርቶ ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ
«ምን ገጨሁ?» አለና ዞረ ክው ብሎ።
«ያ ቅርንጫፍ… ያ ጎባጣው… ጎድን ነው!»
«የምን ጎድን?»
«የጀልባ ነዋ! አይታይህም እንዴ?
ከድልድዩ ማዶ ያለው አፍንጫ ነው፣
ከመቃብሩ አጥር የቆመው አከርካሪ ነው፣
በየቀኑ እኮ ነው የምናልፋቸው!»

ዝም አልን። ሠላሳ ሰባት ሰው።
ጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻውን አወራ።
ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ፊቷ ላይ አየሁት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ጭጋግ መስኮት
ሁሉም ጀልባ የሚያይ ይመስላት ነበረ፤
ብቻዋን መሆኗን ዓይኗ መሰከረ።

እኔ ራእይ ማለት መብረቅ ይመስለኝ ነበር፣
ከተራራ ወርዶ፣ ስም ጠርቶ የሚናገር።
ለካ ተራ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ያለው
እየመሰለን ነው ሳንነካው የምናልፈው።

ግንዱን በሃያ ሺህ ፔሶ ገዛችው፣
ቅዳሜ በበሬ ጎትታ ጓሮዋ አስገባችው።
ጎረቤት ሳቀባት፤ «በፋይበር ዘመን?» አላት፤
ወንድሟ በስልክ «ዕድሜሽን ቁጠሪ» አላት።
ቆጠረች። ሃምሳ አንድ። ቆጥራም አልቀረች፤
ከአባቷ መላጊያ ዝገት አራገፈች።
የመጀመሪያው ጎድን ተሰነጠቀባት፤
ምድጃ ከትታው ድንች ቀቀለችበት፣
እየላጠች ሳለ ሁለተኛው ታያት።

«ሴት የተሠራችው ከጎድን ነው» ይላሉ፤
ጓሮዋ ሄጄ ሳይ፣ ሴት የሠራቻቸው አሥራ ስምንት ጎድኖች ተደርድረው አሉ።

ፋብሪካውን አልተወችም። ግማሽ ፈረቃ ሆነች፤
ደመወዟ ጎደለ፤ ስጋ መግዛት ተወች።
ሦስት ክረምት።

ባሕር የገባች ቀን ጀልባዋ አፈሰሰች፤
እኛ ስንሯሯጥ እሷ ፈገግ አለች፤
«ይጠጣ» አለች፣ «ይጠጣ፤ እንጨት ነው፣ ደርቆ ኖሯል፤
ሲጠግብ ያብጥና ራሱን ይዘጋል።»
ሁለት ቀን ጠበቅን። ዘጋ።
ከአፍንጫዋ በላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ስሟን ጻፈችላት፦
«አርፋጇ»።

እኔ ዛሬም ሌሊት አውቶቡሱ ላይ አለሁ፤
ባዶው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ ተዛውሬአለሁ፤
መስታወቱን ጠርጌ ዛፍ ዛፉን አያለሁ፦
ዛፍ ነው።
ግን ከዛፎቹ ኋላ፣ ገና መብራት ባልበራበት ደጃፍ ሁሉ፣
ዘወትር የማየው፣ ሰውም የሚያየው የሚመስለኝ
አንድ ነገር አለ።
ነገ ኤሪቤርቶን «አንተም ታየዋለህ?»
ብዬ ልጠይቀው ነው።